ቦዩ ላይ የተጣለው ቢጫ ሻሽ

ባለፈው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ስይዝ፣ ወንዝ ዳር ልብስ አጥባ የምትመለስ ሴት ሳፋዋን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ልብሱ ታጥቧል፣ ንጹሕ ነው። ውሃው ደፍርሶ ኖሮ ግን የወንዝ ጭቃ ሽታ አልለቀቀውም። ሳሙናም አይደለም፣ አፈርም አይደለም፤ የሁለቱ መሀል የሆነ ነገር ነው። እኔ ወደ ሳፋዋ ዘንበል ብዬ ሳሸትት ያዘችኝና፣ «ቦርከና እኮ ነው እህቴ፤ ሽቶ መሰለሽ?» አለችኝ። ባለ ባጃጁ ሳቀ።

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ሳፋዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እውነቴን ነበር ግን። ያ ሽታ ለእኔ የእትዬ ዘሀራ ነው።

እትዬ ዘሀራ የአባቴ አክስት ናቸው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ሲጀመር፣ አባቴ ደሴ ሆጤ ከሚገኘው ቤታችን አንስቶ ኮምቦልቻ ዳርቻ እሳቸው ቤት ጣለኝ። ጣለኝ ነው የምለው፣ ሌላ ቃል የለውም። ጥፋቴ ግልጽ ነበር፤ ልጅ ነክሻለሁ። ከዚያ በፊትም በድንጋይ፣ በደብተር፣ እጄ ላይ በተገኘው ነገር ሁሉ ስማታ የከረምኩ ነኝ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አክስቴ፣ ይቺን ልጅ የደሴ ብርድ አላበረዳትም፤ እስቲ የእርስዎ ዱዓ ያብርዳት» አላቸው። እሳቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጥርስሽን አሳዪኝ» አሉ። አፌን ከፈትኩ። «ማሻአላህ፣ ጠንካራ ነው። አጥንት ትግጥበታለች» ብለው አስገቡኝ።

ለጠበኛ ልጅ ከእሳቸው የተሻለ ቤት አልነበረም። ወሎ ውስጥ ዱበርቲ የሚባሉ ትልልቅ ሴቶች አሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉ፣ ምጥ የጠናባትን የሚያበረቱ፣ የተጣላን የሚያስታርቁ። እትዬ ዘሀራ ከእነሱ አንዷ ነበሩ። አጭር ናቸው፤ ያኔ እንኳ ትከሻቸው ላይ ልደርስ ምንም አልቀረኝም። ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ቆቅ ቶሎ ቶሎ እየረገጡ ነው። ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ ስለሚተክሉ ልብሳቸው ሁልጊዜ ያንን ጭቃ ይሸታል። ሳቅ አይወዱም። ወይም ይወዳሉ፣ ግን ያስቀምጡታል።

በመጣሁ ሰሞን ጎረቤት ሁለት ወንድማማቾች በአንድ በሬ ተጣልተው በር ላይ ተያያዙ። ሰው ይጮኻል፣ የሚገላግል የለም። እትዬ ዘሀራ ከጓዳ ወጡ፣ ሳይሮጡ ሄዱ፣ የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው በሁለቱ እግር መሀል መሬት ላይ ጣሉት። በቃ። ሁለቱ ጎረምሶች እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንዱ እንባው መጣ። ከእናት እኩያ ራስ ላይ የወረደ ሻሽ አይረገጥም፣ አይታለፍም፤ ያለፈው ሰው እርቅ አያገኝም ይባላል።

እኔ ይሄን ማን ነግሮኝ! ጉልበቱ ሻሹ ውስጥ ያለ ነው የመሰለኝ። በማግስቱ ከሳጥናቸው አንድ ሻሽ ሰርቄ የጎረቤታችን የአያ ይማም አውራ ዶሮዎች ሲፋለሙ ጠብቄ መሀላቸው ወረወርኩት። ትልቁ ዶሮ ሻሹ ላይ ቆሞ ጮኸ። ከዚያ ዞሮ እኔን ነከሰኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን። አያ ይማም በአጥር ላይ ብቅ ብለው አዩኝ፤ «ሉባባ፣ የኔ ዶሮ ሰላት አይሰግድ፣ ሽማግሌ አያከብር! ምን በወጣው ታስታርቂዋለሽ?» አሉኝ። ለመንደሩ ሁሉ አወሩት። ለወራት ስሜ «የዶሮ አስታራቂ» ሆኖ ቀረ።

እትዬ ዘሀራ አልተቆጡኝም። ማታ የተነከስኩትን ቅቤ እየቀቡ፣ «እኔንም እኮ እንዲሁ አድርጎኛል» አሉ።

«ዶሮ?»

«ሰው እንጂ! በመጀመሪያው ጊዜ። የጣልኩትን ረግጦት አለፈ። ብዙ ጊዜ ከጣልሽው በኋላ ነው የሚያዩት።»

ያን ሰሞን ቆላው ይፋጃል። የበልጉ ዝናብ ዘግይቷል፤ ቦርከና ቀጥኖ በድንጋዩ መሀል እንደ ክር ይሄዳል። ከደሴ ያመጣሁት ሹራብ ግን ከላዬ አልወርድም አለ። እናቴ «እንዳታወልቂው» ብላኛለች፤ ሙቀቱን ስለማታውቀው እኮ ነው። ወገቤ ላይ አስሬው እዞራለሁ።

እትዬ ዘሀራ እህት እንዳላቸው የሰማሁት ፀጉሬን ሲሠሩኝ ነው። ሳጥናቸው ውስጥ ጥቁር ጠርዝ ያለው ቢጫ ሻሽ አይቼ ለምን እንደማያስሩት ጠየቅኋቸው። እጃቸው ፀጉሬ ላይ ቆመ።

«የእናቴ ነው። የፋጤ ድርሻ ነው።»

ፋጤ ማለት ታናሽ እህታቸው እትዬ ፋጡማ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች፣ ትልቁ ዋርካ ያለበት መንደር ነው ያገቡት። እናታቸው የሞቱት በክረምት ነው። ቦርከና ሞልቶ ነበር። ፋጤ ሞቱን ሰምተው እየሮጡ መጡና ማዶ ላይ ቀሩ። ጀናዛው ወጥቶ ወደ መቃብር ሲሄድ፣ ከወንዙ ወዲያ ቆመው፣ «እህቴ ጠብቂኝ! ውሃው እስኪጎድል!» ብለው ጮኹ።

«አልሰሟቸውም?» አልኩ።

«ሰምቻታለሁ።» ሹሩባውን ጠበቅ አድርገው ጎነጎኑት። «ዝናቡ መጣ፣ ሰዉ ቸኮለ። ሬሳ አይቆይም አልኩ። 'ሂዱ' አልኳቸው። ሄዱ።»

ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ አልተያዩም። ከእናታቸው የቀረው ሻሹ ብቻ ነው። እኔ የዚህን ጠብ መፍትሔ ወዲያው አገኘሁት። «ታዲያ ምን ችግር አለ? ሄደው በእርስዎና በእትዬ ፋጤ መሀል ሻሽዎን አይጥሉም?»

«በራስ ጠብ ሻሽ አይጣልም፣ ሞኝ። የራስን ጀርባ ማን ያካል?»

እኔ ግን አልተውኳቸውም። ልጅ ስትሆን የማትፋታ ከሆንክ የሆነ ነገር ይሰጡሃል። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ስንበላ፣ ሽንኩርት ስናርም፣ «መቼ ነው ዋርካው ጋ የምንሄደው?» እላለሁ። ለሰላም ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ዋርካውን ማየት ፈልጌ ነው። ሥሩ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ልጆች እንደ ፈረስ ይጋልቡታል ብለውኛል። አንድ ቀን ጠዋት ግን እትዬ ዘሀራ ሳይነግሩኝ ተነስተው ጭኮ ሠሩ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽተው፣ አገልግል ሞሉት። ገላቸውን ታጠቡ። ከዚያ ቢጫውን ሻሽ አውጥተው ራሳቸው ላይ አሰሩት።

«የእሳቸው አይደል እንዴ?» አልኩ።

«በፌስታል ቋጥሬ ልሰጣት ነው ታዲያ? በራሴ ላይ አድርጌ ሄጄ፣ ከራሴ አውርጄ በራሷ ላይ አስርላታለሁ። ተነሺ። አገልግሉን አንቺ ያዢ። ከነካሽው ግን ጥርስሽን አወልቀዋለሁ።»

የቀጠነውን ወንዝ ተሻግረን ወረድን። ያን መንገድ እስካሁን በእግሬ ስር ይሰማኛል። የወንዙ ዳር አሸዋ ጠዋት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ብቻ ነው የሚሞቀው። የሽንኩርት ማሳ ሽታ፣ የጉሎ ቅጠል፣ ሸምበቆው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር። የመስኖ ሞተሮች ከሩቅ ዱብ ዱብ ይላሉ፤ እኔ የወንዙ ልብ ምት ነበር የሚመስለኝ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች «እትዬ ዘሀራ፣ ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ?» ይሏቸዋል። እሳቸው «ኸይር ነው፣ ኸይር ነው» እያሉ ያልፋሉ።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። እየሄዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዚክር መስሎኝ ነበር፤ አብሬያቸው «አሚን» ልበል ብዬ ጠጋ አልኩ። ዚክር አይደለም። «ፋጤ፣ አፉ በይኝ» ይላሉ። ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «የለም። መጀመሪያ አሰላሙ አለይኩም።» ትንሽ ይሄዳሉ። «ፋጤ፣ ሰምቼሽ ነበር። አፉ በይኝ።» እንደገና ይነቀንቃሉ። የሰውን ሁሉ ጠብ በአንድ ጨርቅ የሚያቆሙት ሴትዮ ይቅርታ እንደ ትምህርት ቤት ግጥም ይለማመዳሉ። በሕይወቴ ያን ያህል የወደድኩት ሰው የለም። አገልግሉን የነካሁትም እዚያ ላይ ነው፤ ትንሽ ብቻ፣ ከዳር።

«ደረስን?» አልኩ አፌን ጠርጌ።

«ያ መታጠፊያ ይታይሻል? ከእሱ ወዲያ ዋርካው ይታያል።»

መታጠፊያው ላይ አልደረስንም።

ከወንዙ ውሃ የሚጠልፍ ቦይ አለ፤ ሁለት መንደር ይጋሩታል። እኛ ስንደርስ የላይኛው መንደር ሰዎችና የታችኛው፣ የዋርካው መንደር ሰዎች በቦዩ ወዲህና ወዲያ ቆመዋል። አንዱ አካፋ ይዟል፣ ሌላው ዱላ። ቦዩ ተቆርጦ ውሃው ወደ ላይኛው ማሳ ዞሯል፤ መሬቱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል።

«ሽንኩርቴ እንደ ወረቀት ደርቆ አንተ እግርህን ትታጠብበታለህ?» ይላል ባለ ዱላው፣ ጌታቸው የሚባል ጎልማሳ።

«ተራዬ ነው! ውሃው የአባትህ ርስት ነው እንዴ?» ይላል ባለ አካፋው፣ ሰይድ።

«የአባቴን ስም በአፍህ አታንሳ!»

«አነሳሁት። ምን ታመጣለህ?»

ጌታቸው ዱላውን ይዞ ቦዩን ሊሻገር አንድ እግሩን አነሳ። ሰይድ አካፋውን በሁለት እጁ ጨበጠ። የአካፋው ስለት ፀሐይ ሲያበራው እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ልጅ ነካሿ እኔ።

ስገልጥ እትዬ ዘሀራን አየኋቸው። እጃቸው ወደ ራሳቸው ወጣ። ቢጫውን ሻሽ ነካና ቆመ። ወረደ። ወደ መታጠፊያው ተመለከቱ። እኔም ተመለከትኩ። ምን እንዳሰቡ ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ ሻሹ የእሳቸው አይደለም። ሌላ ጨርቅ ቢጥሉ ማን ያያቸዋል? የሚከበረው ከራስ የወረደው ነው።

ፈቱት። ጣሉት።

«በጠባችሁት ጡት ይዣችኋለሁ! በአላህ፣ በእናታችሁ ጡት!»

ሻሹ በአየር ላይ ትንሽ ተንሳፍፎ ተቆርጦ የተከፈተው ቦይ አፍ ላይ፣ ጭቃው ላይ አረፈ። የጌታቸው እግር አየር ላይ ቀረ። የእትዬ ዘሀራ ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ብርሃን ተገለጠ፤ ሁለት ቀጫጭን ነጭ ሹሩባ፣ እንደ ጥጥ። ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሰበሩ። አንዱ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ሌላው አማተበ። ሰይድ አካፋውን ጭቃው ውስጥ ተክሎ ቁጢጥ አለ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ዱብ ዱብ ይላል።

«ሹራብሽን አምጪ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ በቀስታ።

ሰጠኋቸው። ራሳቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ሁለቱ እጅጌ እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠለጠለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቄ ይገለኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። እሳቸው የሹራብ ጆሯቸውን አንጠልጥለው ሾላ ጥላ ስር ተቀመጡ፤ አገልግሉን ከፍተው ከሁለቱም ወገን በስማቸው እየጠሩ አንድ ላይ አቀረቧቸው። ከአንድ ዕቃ የበላ በዚያ ቀን አይማታም። ጌታቸውና ሰይድ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጭኮውን ዘገኑ። የዳሩን ጉድጓድ ያዩ አንድ ሽማግሌ፣ «አይጥ ገብቶበታል?» አሉ። እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ትንሽ አይጥ ነች» አሉ።

ተወሰነ፤ ማክሰኞ ሽማግሌ ይቀመጣል። እስከዚያ ውሃው ለማንም አይሄድም፣ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሻሹም ከወደቀበት አይነሳም።

ሰዉ ሲበተን እኔ ብድግ አልኩ። «እንሂዳ! መታጠፊያው እኮ እዚያ ነው!»

«ወደ ቤት ነው የምንሄደው።»

«ለምን? ደርሰናል እኮ!»

«ምን ይዤ ልግባ? ሻሹ ያ ነው፤» ወደ ጭቃው ጠቆሙ። «ጭኮው አልቋል። ራሴ ላይ ያንቺ ሹራብ ነው። ፋጤ በር ላይ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ሰው ሞቶብኝ የመጣሁ ይመስላታል።»

ድንጋይ እየመታሁ፣ ንፍጤን እየጎተትኩ ተመለስኩ። እትዬ ዘሀራ በመልሱ መንገድ ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም። አንዴ ብቻ፣ የእኛ አጥር ሲታይ፣ «ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳት» አሉ። ያኔ ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት አስቀርተው ወሰዱኝ። በነጠላቸው ብቻ ተከናንበዋል፤ ሻሽ የጣለች ሴት ሻሿ እስኪነሳ ሌላ አታስርም። ሾላው ስር ሁለት መንደር ሞልቷል፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ። ሽማግሌዎቹ ውሃውን በተራ ከፈሉ፣ ሰይድና ጌታቸው ተቃቀፉ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ፋቲሃ ተቀራ፣ አማኑኤል ተጠራ። ከዚያ ዋናው ሽማግሌ፣ «ሻሹን ከሴቶች አንዷ ታንሳ» አሉ። የተጣሉት አያነሱትም። የጣለችውም አታነሳውም።

ከታችኛው መንደር ሴቶች መሀል አንዲት ረዥም፣ ቀጥ ያለች ሴት ተነሳች። እትዬ ዘሀራ ክንዴን ጨበጡት፤ ጥፍራቸው ገባ። አልነገሩኝም፣ ግን አወቅሁ። አካሄዷ ያው ነው፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እንደ ቆቅ።

እትዬ ፋጤ ወደ ቦዩ ሲሄዱ የሚረግጡት መሰለኝ። በእውነት። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ጎንበስ አሉ። ግማሹ ደርቆ ከመሬቱ ጋር ተጣብቋል፣ ግማሹ እርጥብ ነው። ላጥ አድርገው አነሱት፣ አራገፉት፤ ቢጫው ታየ፣ ጥቁሩ ጠርዝ ታየ። ቆመው ቀሩ።

«የእማ ነው» አሉ። ከዚያ ዞረው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «የእማን ሻሽ ጭቃ ላይ ጣልሽው?»

እትዬ ዘሀራ ያን ሁሉ የተለማመዱት ጠፋቸው። ሁለት መንደር ያያል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት የሚባል አልፈጠረብኝም።

«ለእርስዎ ነበር!» ብዬ ጮኽኩ። «ለእርስዎ ልናመጣው ነበር የምንሄደው! ራስዎ ላይ ሊያስሩልዎ! ጭኮም ነበረ፣ እነሱ በሉት! እኔም ትንሽ በልቻለሁ!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ አያ ይማም ይመስሉኛል፣ «ዶሮ አስታራቂዋ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እትዬ ፋጤ አልሳቁም። ወደ እኛ መጡ። ሻሹን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው በረዥሙ አሸተቱት።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አሉ። «የእማ ሽታ ጠፍቷል።»

«እማ ምን ምን ትል ነበር ታዲያ?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

እትዬ ፋጤ እንደገና አሸተቱት። እናታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የተከሉ ሴት ነበሩ። የእትዬ ፋጤ ዓይን እንባ ሲሞላ አየሁ።

«ጠርቼሽ ነበር» አሉ።

«ሰምቼሽ ነበር። አፉ በይኝ።»

እትዬ ፋጤ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። የራሳቸውን ንጹሕ ሻሽ ፈትተው እትዬ ዘሀራ ራስ ላይ አሰሩት፤ ጠበቅ አድርገው፣ እንደ መቆጣት ብለው። ጭቃ የያዘውን የእናታቸውን ሻሽ ደግሞ እንዳለ ራሳቸው ላይ ጠመጠሙት። ቡናማ ውሃ በግንባራቸው ወረደ። አልጠረጉትም።

ከዚያ ሁለቱ ወደ ላይ፣ ወደ እኛ ቤት አቀኑ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎን ለጎን፣ «ከስተሻል»፣ «ወፍረሻል» እየተባባሉ፣ ስንት ዓመት ያላወሩትን በአንድ ትንፋሽ። የታችኛው መንደር ከኋላችን ቀረ። መታጠፊያው ቀረ። እኔ ባዶ አገልግሉን ታቅፌ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ፤ ማንም ዞሮ አያየኝም።

«ዋርካው ጋስ?» አልኩ። «ዋርካው ጋ መቼ ነው የምንሄደው?»

ሁለቱም እኩል ዞሩ።

«ዝም በይ!» አሉኝ።

እናታቸው ከተቀበሩ ወዲህ እህትማማቾቹ በአንድ አፍ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ያ ነው። ዋርካውን እስከ ዛሬ አላየሁትም።